ሥጋ ያልነካው ድስት

የሥራ ጓደኞቹ «በረዶ» ይሉታል። ፍሪጅና ማቀዝቀዣ ክፍል ስለሚጠግን ብቻ አይደለም፤ ሳቁም ቁጣውም ፊቱ ላይ ለመውጣት ጊዜ ስለሚወስድበት ነው። በሰው አገር መኖር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ያስመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበርና ያሳደገችውም እሷ ነች። ቀድማው ተሰደደች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች፣ ከዚያ እሱን ጠራችው። የሚኖረውም ከእሷና ከባሏ ጋር ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ከገቡ በኋላ ለሰው ትንሽ ቦታ በተረፈበት ክፍል ውስጥ። ግድግዳው ከወጥ ቤቱ ጋር ስለሚገናኝ ምን እየበሰለ እንደሆነ ከአልጋው ሳይነሳ ያውቃል።

እህቱ የምትሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማኘክ ያቃታቸውን ሰዎች በማንኪያ ስታጎርስ ትውላለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ማኘክ የማያቅታቸውን ሁለት ወንዶች ለማጥገብ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ምድጃ ላይ ትቆማለች። እወድሃለሁ ብላው አታውቅም። ሳህኑ ላይ ትጨምርለታለች እንጂ። ትልቁ ቁራጭ ሁልጊዜ የእሱ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ተጫዋች፣ ሆዳም፣ ልቡ ንጹሕ ሰው።

«እኔን ያገባሽኝ ከእሱ የተረፈውን አጥንት የሚግጥ ሰው ስትፈልጊ ነው» ይላት ነበር።

በረዶም አያሳፍራትም። ያቀረበችለትን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ሳህኑን በዳቦ ይጠርገዋል። እንዲህ እያለ የኖረው የሥጋ አከፋፋዩ መጋዘን እስከተበላሸበት ቀን ድረስ ነው።

ወቅቱ በጋ ነበር። አከፋፋዩ ከነቤተሰቡ ለዕረፍት ሄዶ ሳለ መብራት ተቋርጦ፣ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ የትልቁ ማቀዝቀዣ ክፍል ሞተር ሳይነሳ ቀረ። አደጋ ሲኖር የሚጮኸው ደወል ቀድሞ የሞተ ስለነበር ማንም አላወቀም። ሰውየው ከዕረፍት መጥቶ የግቢውን በር ሲከፍት አፍንጫው ነገረው። የጽዳት ሠራተኞች ተጠሩ፤ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ። «መጀመሪያ ይቀዝቅዝና ይድረቅ፤ እንዲህ እየፈሰሰማ አንነካውም» አሉ። ስለዚህ ጠጋኝ ያስፈልጋል ተባለና በረዶ ተላከ።

በሩን ሲከፍተው ሽታው ደረቱን ገፍቶ ወደ ኋላ መለሰው። በመንጠቆ የተሰቀሉት ግማሽ ግማሽ ከብቶች አረንጓዴና ግራጫ የተቀላቀለበት እርጥብ ሽፋን አውጥተዋል። ከአንዳንዱ ጎድን ላይ ነጭ ነገር ይርመሰመሳል። ወለሉ ላይ የረጋው ፈሳሽ ጫማውን እየያዘ ይለቀዋል፤ ሲለቀው ቸቅ ይላል። ማራገቢያዎቹ ያሉት ከጣሪያው ሥር በወዲያኛው ጥግ ስለሆነ መሰላሉን ተሸክሞ በተሰቀለው ሁሉ መሃል ትከሻውን እያሻሸ ማለፍ ነበረበት። ጭንብሉን አጥብቆ፣ በአፉ እየተነፈሰ መሰላሉን ወጣና ብሎኖቹን ፈታ። ከማራገቢያው በታች ያለው የውሃ መቀበያ ሞልቶ ኖሮ ሲነቀንቀው አዘነበለና ፊቱ ላይ ተደፋ። ጭንብሉ ራሰ። ለብ ያለ፣ ቅባት ቅባት የሚል ጠብታ በከንፈሮቹ መሃል ሾልኮ ገባ።

ወርዶ፣ ውጭ ወጥቶ አስመለሰ። ከዚያ አፉን በሠራተኞቹ ቧንቧ ተጉመጥምጦ ተመልሶ ገባና ሞተሩን አስነሳው። ባለቤቱ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከሩቅ «ጎበዝ ነህ» አለው። በረዶ በጭንቅላቱ ብቻ መለሰለት። አፉን መክፈት ፈርቶ ነበር።

ቤት ሲደርስ ልብሱን በፕላስቲክ አስሮ ጣለው። ሰውነቱን ቆዳው እስኪቀላ ፈተገ። ታጥቦ ሲወጣ እህቱ ገበታ አቅርባ ትጠብቀው ነበር። የበሬ ጎድን ጠብሳለች፤ ስቡ ገና ይንጨረጨራል።

«ና ብላ፣ ደክሞሃል» አለችው።

ተቀመጠ። ጎድኑን አየው። ጎድኑም ያየው መሰለው። ስቡ ጫፍ ላይ የቆመችውን ጠብታ ሲያይ ከንፈሩ መሃል የገባችው ትዝ አለችውና ቋቅ አለው። አፉን በእጁ ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?» አለች በበሩ ማዶ።

«ሥራ ቦታ መጥፎ ነገር አይቼ ነው። ነገ ይተወኛል።»

አልተወውም። በሳምንቱ አልተወውም፤ በወሩም አልተወውም። እንዲያውም እየሰፋ ሄደ። መጀመሪያ ሥጋው ብቻ ነበር የሚያቅለሸልሸው። ከዚያ መረቁ፣ ከዚያ ቅባቱ፣ ከዚያ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋ፣ ቢላዋው የታጠበበት ስፖንጅ። ያ ስፖንጅ ዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተጨምቆ ሲቀመጥ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣውን ጠረን እሱ ከክፍሉ ይሰማዋል። እህቱ ለብቻው ድንች ቀቀለችለት፤ ድስቱ ትናንት ምን እንደተሠራበት አፍንጫው ነገረውና ገፋው። እንቁላል ጠበሰችለት፤ መጥበሻው ከዳው። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሻይ፣ እንደገና ዳቦ። ሱሪው ይወርድ ጀመር። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶት «ምንም የለብህም፤ ጭንቀት ነው» አለው። ሾፌሩ ደግሞ «ሰውዬው ከሥጋ ጋር ተፋታ፤ ንብረቱ ለእኔ ይድረሰኝ» ብሎ ሊያስቀው ሞከረ።

እህቱ ግን አልሳቀችም። ያሳደገችው ልጅ ያቀረበችለትን ሳህን በዓይኑ እንኳ ሲሸሽ ታያለች። የተጸየፈው እሷን ይመስላታል።

ምግብ ቤት ፍለጋ ወጣ። የሄደበት ቦታ ሁሉ ሥጋ የሌለው አለ ይባላል። አንዱ ጋ ሾርባ አዘዘ፤ በማንኪያው ሲያማስለው የዶሮ አንገት ብቅ አለ።

«ሥጋ የለውም ብለኸኝ ነበር» አለው አስተናጋጁን።

«እሱ ሥጋ አይደለም፤ ለጣዕም የገባ ነው።»

ሌላው ጋ ጎመን አዘዘ፤ ጎመኑ በጮማ ተጠብሶ መጣ። ሦስተኛው ጋ ሰላጣ ብቻ አለ፤ ሰላጣውን በምትቆርጠው ሴትዮ ጓንት ላይ የደረቀ ደም አየና ሳይቀመጥ ወጣ። በሥራውም ሰላም አጣ። የፍሪጅ ጠጋኝ፣ ሰው የሚበላውን ከጀርባ በኩል ነው የሚያየው። ከፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አበባ ተቀምጧል፤ ከኋላ የሻገተ ጎማ፣ ከሞተሩ ሥር የደረቀ አይጥ፣ ስሙ የጠፋ ነገር የረጋበት መሳቢያ። ድሮ እያፏጨ ይጠግነው የነበረውን አሁን ገና በሩን ሳይከፍት ትንፋሹን ይይዛል።

አንድ ቀን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ካለች ጠባብ ምግብ ቤት ተጠራ። አምስት ጠረጴዛ ብቻ አላት። ባለቤቶቹ ህንዳውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ ሽማግሌው ያስተናግዳል፣ ሚስትየው ታበስላለች። በረዶ መሣሪያውን አስቀመጠ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ፍሪጁን ከፈተ። ሞተሩ የቆመው ጠዋት ነው ብለውታል፤ እንግዲህ ምን ሊጠብቀው እንደሚችል ያውቃል። ትንፋሹን ይዞ ወደ ውስጥ አጎነበሰ፣ ሽቦውን ፈተሸ፣ ሳንባው ሊፈነዳ ሲል ሳይወድ ተነፈሰ።

ምንም አልሸተተውም።

ደግሞ ተነፈሰ። ድምብላል፣ እርጎ፣ የተላጠ ዝንጅብል። ነጭ አበባ ጎመን፣ በሳህን የተዘፈዘፈ ሽምብራ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቅጠል። በሩን ከፍቶ እንደያዘ ቆመ።

«ልጄ፣ ቅዝቃዜው አለቀ እኮ» አለች አሮጊቷ ከምድጃው በኩል። የአገሩን ቋንቋ እየሰባበረች ነው የምትናገረው።

«ቅዝቃዜውማ ቀድሞ አልቋል እማማ፤ ለዚህ አይደል የጠሩኝ?» አላት። ቀጥሎ ጠየቃት፤ «ሥጋውን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ሥጋ የለም።»

«አልቆ ነው?»

«የለም። ኖሮም አያውቅም። እኔ አልበላም፣ እናቴ አልበላችም። በዚህ ቤት ቢላዋ ሥጋ አያውቅም።»

ሽማግሌው በረዶ እንዳይቀየም ፈርቶ በትሕትና «አንዳንድ ደንበኛ በዚህ ይናደዳል» አለ።

በረዶ አልተናደደም። ፍሪጁን ጠግኖ ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ያመጡለት ካሪ የሚሉት የቅመም ወጥ ድንችና አበባ ጎመን ነበር፤ በእርድ ቢጫ የሆነ፣ ከላይ የከሙን ፍሬ የተነሰነሰበት። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ ጠበቀ። ጉሮሮው መቼ እንደሚዘጋ እየጠበቀ ነበር። አልተዘጋም። ዋጠው። ከዚያ በኋላ ቀና ሳይል ሁለት ሳህን ጨረሰ። አሮጊቷ በበሩ ብቅ ብላ አይታው ሦስተኛውን ሳይጠይቅ አመጣችለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ከዚያች ቤት አልጠፋም። አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን ሽምብራ፣ አንድ ቀን በአብሽ ቅጠል የተሠራ ድንች። ጉንጩ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ፈጽሞ አልለቀቀውም። ሳህኑ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ያሸተዋል። አሮጊቷ ይህን አይታ አልተቀየመችም። «አሽት፤ እኔም ሰው ቤት ስሄድ አሸታለሁ» አለችው።

ደስታው አልዘለቀም። ሽማግሌው ጤናው ታወከና ልጃቸው ወደምትኖርበት ሩቅ ከተማ ሊሄዱ ሆነ። አሮጊቷ ከመሄዷ በፊት የስልክ ቁጥሯን ሰጠችውና አንድ አዲስ ድስት ገዝቶ በምልክት እንዲለየው መከረችው። ቦታዋን የያዙት ሰዎች ዶሮ ጠባሾች ሆኑ። በረዶ ሳያውቅ በዚያ ሲያልፍ እሱ ይቀመጥበት በነበረው መስኮት በኩል ጭንቅላት የሌላቸው ዶሮዎች በብረት ተሰክተው ሲሽከረከሩ፣ ስባቸው በመስታወቱ ላይ ወርዶ ሲረጋ አየ። መንገዱን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ወደ መናኸሪያው የሚሄደው በሌላ በኩል ዞሮ ነው።

ድስቱን ገዛ፤ እጀታው ላይ ቀይ ሽቦ ጠመጠመበት። የእህቱን ምድጃ አንድ ጥግ ለራሱ ይዞ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁሞ አሮጊቷን እያነጋገረ ማብሰል ጀመረ። የመጀመሪያው ሙከራ ጭስ ነበር። ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሎ የሰናፍጩ ፍሬ እየፈነዳ ግድግዳውን ደበደበው፤ ከሙኑ ከሰለ፤ የቤቱን ሰው ሁሉ ሳል ያዘው። ሾፌሩ በካልሲ ወደ በረንዳ ወጥቶ «ጎረቤት እሳት አደጋ ሊጠራ ነው» አለ። ሁለተኛው ጊዜ አሮጊቷ በፖስታ የላከችለትን፣ ከተክል ሙጫ የተፈጨ ቢጫ ቅመም ያለበትን ብልቃጥ ከፈተ። ሽታው ከበሰበሰ ሽንኩርትና ከታፈነ ካልሲ የተቀመመ ይመስል ነበር። ብልቃጡን አርቆ ይዞ «እማማ፣ ይሄ ተበላሽቷል» አላት።

«አልተበላሸም። እንደዚያ ነው። ዘይት ውስጥ አግባውና ቁም።»

አገባውና ቆመ። ዓይኑ አለቀሰ። ከአፍታ በኋላ ያ ክርፋት ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ያቺ የአምስት ጠረጴዛ ቤት ጠረን ወጥ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ወዲህ እጁ እየተፈታ ሄደ። ምስሩ አላረረም፣ ድንቹ አልፈረሰም፣ ጨውና ሎሚው ልኩን አገኘ።

እህቱ ይህን ሁሉ ከበሩ ሆና ታያለች። በገዛ ወጥ ቤቷ ጥግ ላይ የእሷ ያልሆነ ድስት ተጥዷል፤ ወንድሟ ስልክ ውስጥ ያለችን ሌላ ሴት «እማማ» ይላል። አንድ ቀን ለእሷ ቢያቀምሳት «ደህና ነው» አለችና ማንኪያውን አስቀመጠች። «ለሰው የሚሆን ጉልበት ግን የለውም።»

«ጠግቤ እየዋልኩ ነው እትዬ።»

«ታፋህ የት ሄደ? ወንድ ልጅ በቅጠል አይቆምም።»

ሥራ ሲበዛበትና አምሽቶ እየመጣ ጦሙን ማደር ሲጀምር ግን እሷው ራሷ «ቅመሙን ካሳየኸኝ እኔ እሠራልሃለሁ» አለችው። ሆዱ ባባ። አሳያት። ቶሎ ያዘችው፤ እጇ ድሮም ለምግብ የተፈጠረ ነው። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲገባ ድስቱ ተጥዶ ያገኘዋል። እንዲያውም የእሷ ካሪ ከእሱ ይበልጣል፤ ወፈር ያለ፣ ምላስ ላይ የሚቆይ። ይህንንም ደብቋት አያውቅም። «ከእማማም በለጥሽ» ይላት ነበር። እሷም ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ እያጠበች ፈገግ ትላለች። ወራት እንዲህ አለፉ። ሰውነቱ ሞላ። ማሽተቱን እንኳ ተወ፤ በራሱ እህት እጅ የተሠራን ምግብ ማሽተት አሳፈረው።

አንድ ቀን ሊጠግን የሄደበት መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ቆየውና ከሰዓት በኋላ በጊዜ ቤት ገባ። ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ስለገባ አልሰማችውም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ድስት ተጥዷል። በአንዱ የበሬ አጥንት እየተንተከተከ ነው፤ ላዩ ላይ ግራጫ አረፋ ወጥቷል። እህቱ አረፋውን በማንኪያ ገፋ አድርጋ ከሥሩ መረቁን በጭልፋ ቀዳችና ቀይ ሽቦ ወዳለው ድስት ጨመረችው። በተለመደ እጅ ነው ያደረገችው፤ ጨው እንደመጨመር። ከዚያ ከአጥንቱ ቅልጥም አንኳክታ አወጣችና በሹካ ደፍጥጣ ሽምብራው ውስጥ አማሰለችው። የሙጫው ቅመም ሽታ ወዲያው ሸፈነው።

«እትዬ» አለ።

ዘወር አለች። ሹካው ላይ ቅልጥሙ ያብረቀርቃል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ልትዋሸው አልሞከረችም። «ከመጀመሪያው።»

«ከመጀመሪያው?»

«ዓይኔ እያየ ትሙትልኝ? ፊትህን በመስታወት አይተኸው ታውቃለህ የዛኔ? እኔ ጋ አልጋ ላይ የሚያልቁት ሽማግሌዎች ካንተ ይሻሉ ነበር። እኔ ነኝ ያቆምኩህ። ይኸው ወራት በላህ፣ ምን ሆንክ? ወፈርክ እንጂ ሞትክ?»

በረዶ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር እየሰፋ ሲሄድ ተሰማው። የትናንቱ፣ የከትናንት ወዲያው፣ በዳቦ የጠረገው ሳህን ሁሉ፣ «ከእማማም በለጥሽ» ያለው አፉ ራሱ። ምላሱን ቆርጦ መጣል አሰኘው። በሰው መጭበርበር ያለ ነው፤ እሱን ያንገሸገሸው ግን ምላሱ ጣፈጠኝ ብሎ መመስከሩ ነበር። ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ። ሆዱ ውስጥ የቀረ ነገር እስኪጠፋ፣ ከዚያም በኋላ ባዶውን እየተናነቀው ተንበርክኮ ቆየ። እህቱ ከበሩ ማዶ ቆማለች፤ ስትተነፍስ ይሰማዋል።

«ለክፋት አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለ። «ቢሆንም እጅሽን ማየት አልቻልኩም።»

ይህን በማለቱ በኋላ ተጸጽቷል። ግን እውነቱ እሱ ነበር። በማግስቱ ድስቱን ይዞ ወርዶ የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው። በወሩ ደግሞ ከአንድ ጋራዥ በላይ ክፍል ተከራይቶ ወጣ። ክፍሉ የመኪና ዘይት ይሸታል፤ መስኮቱ ሲከፈት የጎማ ሽታ ይገባል። እሱ ግን ወደደው። የመኪና ዘይት ከማንም ሰውነት ውስጥ አልወጣም። ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ገዛ፤ አዲስ ድስት፣ አዲስ ቢላዋ፣ አዲስ ስፖንጅ። እማማ በስልክ ሁሉንም ሰማች። ቀጥላ «እህትህ ሞኝ ናት፤ አንተ ግን ከሞኝ ጋር አትኳረፍ» አለችው።

ኩርፊያው ግን ቆየ። ሾፌሩ በመሃል እየተመላለሰ ሰላምታ ያደርሳል። «አንተ ትበሳጫለህ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ የሁለት ሰው እበላለሁ፤ ልፈነዳ ነው» ይለው ነበር። በረዶ ይስቅና ወሬውን ይለውጣል። እህቱ ቤት አልፎ አልፎ ይሄዳል፤ ውሃ እንኳ ብትሰጠው ሳያስበው ብርጭቆውን አገላብጦ ያያል። እሷም ይህን ታያለች። ብዙ ሳይቀመጥ ይነሳል።

እህቱ ታመመች። ማህፀኗ ውስጥ እባጭ ተገኝቶ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ደህና ወጣች፤ ግን ባሏ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስታሞ ወደ መንገዱ መመለስ ግድ ሆነበት። ሥራው ሩቅ ነው፤ ሲሄድ ይከርማል። በረዶን ጠርቶ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

በረዶ ሄዶ የሽምብራ ካሪ ሠራላት። ሳህኑን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መድኃኒቱ ሆዷን አገላብጦታል።

«ውሰድልኝ» አለች። «ሽታው ቋቅ ይለኛል። ቅር እንዳይልህ።»

«አይለኝም።»

ዳቦ አመጣ፤ ገፋችው። ሩዝ አመጣ፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ አስመለሰች። ሳህን ይዞላት ጀርባዋን ደገፈ። አከርካሪዋ በሌሊት ልብሷ ውስጥ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አፏን ጠርጋ ትራሱ ላይ ስትወድቅ ምን እንደሚያሰኛት ጠየቃት።

«አንተ የማትችለውን ነው የሚያሰኘኝ» አለች። «ተወው።»

በረዶ ወረደ። ሥጋ ቤት ከገባ ስንት ጊዜው ነው። ደጃፉ ላይ ትንፋሹን ያዘ፣ ገባ፣ በጣቱ አጥንት አመለከተ፣ የተጠቀለለለትን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ወጣ። ቤት ሳይደርስ ወረቀቱ ራሰ። የእህቱ ወጥ ቤት ገብቶ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ፤ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወተፈ፤ ለጋዝ ሥራ የሚያደርገውን ጭንብል ከላይ አሰረ። አጥንቱን ውሃ ውስጥ ሲከተው ቦጭ ብሎ እጁ ላይ ረጨው። ሽታው በጥጡም በጭንብሉም አልፎ ደረሰው። ግራጫው አረፋ ሲወጣ በማንኪያ ገፈፈው፤ ዓይኑን ጨፍኖ መግፈፍ ስለማይቻል እያየው ገፈፈው። ሁለት ጊዜ ወደ በረንዳ ወጥቶ የመደገፊያውን ብረት ይዞ ቆመ። ሁለቴም ተመለሰ።

አጥልሎ በብርጭቆ አቀረበላት። አንድ ፉት አለች።

«ጨው የለውም» አለች።

«አልቀመስኩትም።»

ቀና ብላ አየችው። ጭንብሉን አንገቱ ላይ ጥሎታል፤ ከአንዱ አፍንጫው ጥጥ ወጥቷል፤ ፊቱ እንደ አመድ ነው። ልትስቅ ስትል ስፌቱ አመማትና ሆዷን ያዘች። እሱ ጨው ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

«እንደዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች። «የምትሞላቀቅ ነበር የሚመስለኝ።»

«ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጠጣችው። አላስመለሳትም። እስክትነሳ ድረስ መረቁን እየቀቀለ አጠጣት፤ አንድም ቀን አልለመደውም። ቤቱ ሲመለስ ልብሱን ደጃፍ ላይ አውልቆ ነበር የሚገባው፤ በዚያ ሰሞን የራሱን ካሪ እንኳ ትቶ በሙዝ ያደረባቸው ቀኖች ነበሩ።

አሁን እህቱ ደህና ናት፤ ወደ ሥራዋም ተመልሳለች። የዕረፍት ቀኗ ሲሆን ከባሏ ጋር ከጋራዡ በላይ ወዳለው ክፍል ይመጣሉ። አልጋው ላይ ይቀመጣሉ፤ ወንበር አንድ ብቻ ነው። በረዶ ያበስላል፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች። ለማማሰል ስትነሳ ሾፌሩ በቀሚሷ ይይዛታል። የሠራውን ትበላለች፤ ዛሬም ጉልበት የለውም ትላለች። እሱም ዛሬም እሷ ቤት ሲሄድ ከሻይ በቀር አይቀምስም፤ ሻዩንም የሚጠጣው ብርጭቆውን ራሱ አጥቦ ነው። ይህን ሲያደርግ እህቱ እንዳላየች ሆና ቴሌቪዥኑን ታያለች።